ከቁጥር አሥራ አራት ጀርባ የተጣለው ቅርንጫፍ

ቅርንጫፉ የወደቀው ማክሰኞ ሌሊት በነበረው ነፋስ ነው። ረቡዕ ጠዋት ቨርና ኬስለር ከተጎታች ቤቷ ስትወጣ፣ በፓርኩ ውስጥ ፈረሰኞች በሚያድሩበት ሰፈር መንገድ ላይ ተጋድሞ አገኘችው። ግንዱ የሰው ጭን ያህላል። ቅጠሉ ገና እርጥብ ነው፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ደም የመሰለ ቀይ።

ቀይ ሜፕል ነበር። በኦሃዮ ኮረብታዎች ፈረስ የሚያሳድር ሰው ሁሉ ይህን ዛፍ ያውቀዋል። ቆሞ ሳለ ማንንም አይጎዳም። ተሰብሮ ቅጠሉ ሲጠወልግ ግን ለፈረስ መርዝ ይሆናል፤ ደሙን ያበላሸዋል። አንድ እቅፍ የማይሞላ ቅጠል ትልቅ ሰንጋ ፈረስ ይጥላል።

ቨርና ሬዲዮዋን አውጥታ የፓርኩን ተቆጣጣሪ ብራይስን ጠራችው።

«ከድልድዩ ማዶ ያውጡት፣ ሚስ ቨርና» አላት። «ፈረስ ከማይደርስበት። ዛሬውኑ ይሁን እንጂ ለነገ አይደር። ከከበደዎት ሰው እልክልዎታለሁ።»

«ምን ይከብደኛል? ሙሉ ዛፍ አደረግኸው እንዴ» አለችው።

ከብዷት ነበር። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የቀኝ ዳሌዋ ከበጋው ጀምሮ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋል። ግን «አልችልም» የሚለው ቃል በዚያ ወር ከአፏ እንዲወጣ አልፈለገችም። የሰፈሩ ተቀባይ ናት። ደሞዝ የላትም፤ እንግዶችን ትቀበላለች፣ ደንብ ትነግራለች፣ ፋንድያ ታነሳለች፣ በምትኩ ተጎታች ቤቷን በፓርኩ ውስጥ በነፃ ታቆማለች። ባሏ ድዌይን ታሞ ሳለ ሕክምናው ቤታቸውን በልቶታል። የበረዶውን ወራት የምታሳልፈው እህቷ ዘንድ ኬንታኪ ነበር፤ እህቷም በሰኔ ሞተች፣ ልጆቿ ግቢውን ሸጡት። ብራይስ ዘንድሮ በፓርኩ ጋራዥ አጠገብ እንድትከርም ለአለቆቹ ጽፎላታል። መልሱ እስከ ወሩ መጨረሻ ይመጣል ተብሏል። መልሱ እንቢ ከሆነ የምትሄድበት የላትም።

ስለዚህ ቅርንጫፉን በገመድ አስራ፣ በባትሪ በምትሄደው ትንሽ ጋሪ መጎተት ጀመረች። ጋሪዋ ቁጥር አሥራ አራት ከሚባለው የማደሪያ ቦታ ጀርባ ስትደርስ ባትሪዋ አለቀና ቆመች። ሰማዩ ጠቁሯል። ቁጥር አሥራ አራትን የያዘ ሰው የለም። ቨርና ገመዱን ፈታች፤ ቅርንጫፉን በእግሯና በእጇ እየገፋች ከቁጥቋጦው ሥር አስገባችው። ነገ፣ አለች ለራሷ።

ማታ ብራይስ በሬዲዮ ጠየቃት። «ያ ቅርንጫፍ እንዴት ሆነ?»

«ወጥቷል» አለችው።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ቨርና ዳሌዋ ላይ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ይዛ ተኛች። ውሸቱ ራሱ አዘናጋት፤ ወጥቷል ካለች በኋላ ለእርሷም የወጣ መሰላት።

ወደ ማታ የመኪና መብራት በመስኮቷ ገባ። ኦሪን ቲግ ነበር፣ የፈረስ ተጎታቹን አስከትሎ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ይመጣል። ድዌይን በሕይወት ሳለ ሁለቱ አብረው ነበር የሚጋልቡት።

ቨርና የዝናብ ልብሷን ደርባ ወጣች። ኦሪን መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«እስካሁን አላባረሩሽም?» አላት።

«አንተን ሳልቀብር ወዴት እሄዳለሁ።»

«መቃብሬም ላይ ቆመሽ ደንብ ታነቢብኛለሽ፤ አውቅሻለሁ።»

«አነባለሁ። የፈረሶቹን የደም ምርመራ ወረቀት አምጣ።»

«ሃያ ዓመት ስታውቂኝ!»

«አንተን አውቃለሁ፤ ፈረሶችህ ግን ምን እንደያዙ በምን አውቃለሁ? አምጣ።»

እየሳቀ ወረቀቶቹን ሰጣት። በባትሪ መብራት አየቻቸው። ክላይድ፣ ዳማ ሰንጋ ፈረስ፣ አሥራ አራት ዓመት። ቢርዲ፣ አንባላይ ባዝራ፣ አሥራ ስድስት ዓመት። ቀኑ አላለፈም። መለሰችለት።

«ቁጥር ዘጠኝን ነው የያዝኩት» አለ ኦሪን።

«ዘጠኝ ኩሬ ሆኗል። ዳክዬ ካላመጣህ በቀር አትገባበትም። አሥራ አራት ግባ፤ ከፍ ያለ ነው፣ ውሃ አይተኛበትም።»

አፏ ተናገረው። ቅርንጫፉ ትዝ አላላትም። ተመልሳ ገባችና ጫማዋን ምድጃው አጠገብ አደረቀች።

ኦሪን የፈረስ ገመድ ሲያስር ረጅም አድርጎ የማሰር ልማድ አለው። በሁለት ግንዶች መካከል ከሰው ራስ በላይ ወፍራም ገመድ ይወጥራል፤ ፈረሶቹን በዚያ ላይ በየጫፉ ያስራቸዋል። ሌሎች የማሰሪያውን ገመድ ያሳጥራሉ። እርሱ ግን «ፈረስም እንደ ሰው ጋደም ማለት ያምረዋል» ብሎ ይለቅላቸዋል። በዚያ ምሽት ክላይድን በቁጥቋጦው በኩል፣ ቢርዲን በመኪናው በኩል አሰራቸው። ድርቆሽ ሰጣቸው፤ ተጎታቹ ውስጥ ባለው ጠባብ አልጋ ላይ ተኛ።

ዓርብ ፀሐይ ወጣች። ቨርና ከሩቅ ኦሪን ክላይድ ላይ ተቀምጦ ወደ ሸለቆው ሲወርድ አየችው፤ እጇን አነሳችለት፣ ኮፍያውን አነሳላት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ፋንድያ እያነሳች ሳለ ኦሪን ስሟን ሲጠራ ሰማች። ድምፁ የወትሮው አልነበረም። መንሿን ጥላ ሄደች።

ክላይድ ራሱን ደፍቶ ቆሟል። የጠዋት አጃው በባልዲው ውስጥ እንዳለ ነው። ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይነፋል፣ ይጎድላል። በእግሮቹ መካከል መሬቱ ላይ ሽንቱ ተኝቷል፤ ጥቁር ሻይ ይመስላል።

«እዪው» አለ ኦሪን። «እዪው እስቲ።»

«መቼ ጀመረው?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ደክሞት ነበር። ሰነፍክ ብዬ ሰደብኩት፣ ቨርና። ሳምንቱን ሙሉ ጋጣ ውስጥ አቁሜ አጃ ስቀልበው ከርሜ፣ ትናንት በአንዴ ለስድስት ሰዓት ያህል ጋለብኩት። የሰኞ በሽታ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?»

የዱሮ ፈረሰኞች የሰኞ በሽታ የሚሉት እሑድ አርፎ ጠግቦ የበላን ፈረስ ሰኞ በሥራ ሲያጣድፉት የሚይዘው ነው። ጡንቻው ይደርቃል፤ ሽንቱ ይጠቁራል። ፈረስ ያለው ሁሉ የጠቆረ ሽንት ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው እርሱን ነው።

«ለፈረስ ሐኪሟ ደውያለሁ» አለ ኦሪን። «የነገርኳትን ሰምታ እርሷም እንደዚያው ነው ያለችው። አታንቀሳቅሰው፣ አልብሰው፣ ውሃ ስጠው አለችኝ። ሌላ ቦታ የምታዋልዳት ባዝራ ስላለች እስከ አምስት ሰዓት አትደርስም።»

ቨርና ብርድ ልብሱን በክላይድ ጀርባ ላይ ስታስተካክል ዓይኗ ከፈረሱ ራስ አልፎ ወደ ቁጥቋጦው ሄደ።

ቅርንጫፉ እዚያ ነበር። ከቁጥቋጦው ሥር ግማሹ ወጥቷል፤ ተጎትቷል። በዚያ ወገን ያሉት ቀንበጦች አንድ ቅጠል አልቀረባቸውም፤ ተልጠው የዓሣ አጥንት መስለዋል። በወዲያኛው ወገን ያሉት ቅጠሎች ደርቀው ተጠቅልለዋል።

እጆቿ በብርድ ልብሱ ላይ ቀሩ። ኦሪን ጀርባውን ሰጥቶ ባልዲ ያጥባል።

«ኦሪን…» አለች።

«ምን?»

ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። ቃሉ ረጅም አልነበረም። ግን ከቃሉ ጋር ብራይስ መጣባት፤ «ወጥቷል» ያለችው ድምፅ መጣባት፤ በረዶ የተጫነው ጣሪያዋ በማታውቀው የመንገድ ዳር ቆሞ ታያት።

«ውሃው ሞቅ ያለ ይሻለዋል» አለች። «ላሙቅልህ።»

«ተባረኪ።»

ሄደች። ውሃውን ምድጃ ላይ ጣደችና ጋሪዋን ይዛ በኋላ በኩል ባለው መንገድ ዞረች። ኦሪን የክላይድን አንገት አቅፎ ቆሞ ነበር፤ አላያትም። ከእንጨት መልቀም በቀር ሌላ ትሠራለች ብሎ ማንስ ይጠረጥራታል? ቅርንጫፉን አስራ ጎተተችው። ዛሬ ባትሪው ሙሉ ነበር። ድልድዩን አልፋ ወደ ገደሉ ወረወረችው። ረቡዕ ልትሠራው የሚገባት ሥራ በሩብ ሰዓት አለቀ።

ስትመለስ ውሃው ፈልቶ ገንፍሏል።

እስከ አምስት ሰዓት ከኦሪን ጋር ተቀመጠች። ሁለት ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ፈረሱን እያዩ። ኦሪን ያወራል፤ ዝም ማለት አልቻለም።

«ሚስቴ ነግራኝ ነበር። 'ፈረሱንም ራስህንም ትገድላለህ፣ ቀስ በል' ብላኛለች። 'አንቺ ከሹራብሽ ጋር ቁጭ በይ' አልኳት።»

«ኦሪን፣ ተው።»

«ምኑን ልተው? አርባ ዓመት ፈረስ ይዤ ይህን አላውቅም? አዲስ ፈረሰኛ ቢያደርገው ኖሮ እኔ ራሴ ነበርኩ የምስቅበት። ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ አየሽ? እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ቨርና እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል አስገባች። ሐኪሟ ስትመጣ ታውቀዋለች፣ ብላ አሰበች። እኔ ሳልናገር ታውቀዋለች፤ መድኃኒቱን ትሰጠዋለች፤ ይነሳል። በዚህ ሐሳብ ላይ ተንጠልጥላ ሰዓቱን ቆጠረች።

ሐኪሟ ዶክተር ሃልስተድ የምትባል ገና ወጣት ሴት ናት። ደም የነካው ቱታዋን ሳትቀይር ነው የመጣችው። የክላይድን ጡንቻ ዳሰሰች፤ ገና እየዳሰሰች ሳለ ፊቷ ተለወጠ።

«አልደረቀም» አለች። «የሰኞ በሽታ ቢሆን ይህ ሥጋ እንደ ሰሌዳ ነበር የሚሆነው።»

ከንፈሩን ገልብጣ ድዱን አየች። ሮዝ መሆን የነበረበት ድድ ቡናማ ሆኗል፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ነው። በመርፌ ጥቂት ደም ቀዳች። በመርፌው ውስጥ ያለው ደም የቸኮሌት መልክ ነበረው።

«አቶ ቲግ» አለች፣ «ይህ ፈረስ ቀይ ሜፕል በልቷል።»

«የት አግኝቶ?» ኦሪን ዙሪያውን አየ። «እኔ ፈረስ ከማሰሬ በፊት ከላይ ያለውን ዛፍ አያለሁ። ይኸው ኦክ ነው፣ ያም ኦክ ነው።»

«የወደቀ ቅርንጫፍስ? በዚህ ሳምንት ነፋስ ነበር።»

«ይህችን ሴትዮ ጠይቂያት» አለ፣ ወደ ቨርና በአገጩ እያመለከተ። «እርሷ ባለችበት ሰፈር ቅጠል ሳያስፈቅድ አይወድቅም። ቢኖር ኖሮ ገና ሐሙስ ትነግረኝ ነበር።»

ሁለቱም አዩዋት። ሐኪሟ የያዘችውን መርፌ እንደያዘች ነው። ከወዲያ የሌሎቹ ሰፋሪዎች ልጆች ድምፅ ይሰማል፤ ክላይድ እንደ ሽማግሌ አቃሰተ።

«ነበረ» አለች ቨርና።

«ምን ነበረ?»

«ቅርንጫፍ። እዚያ፣ ከቁጥቋጦው ሥር። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ረቡዕ። አወጣዋለሁ ብዬ ረሳሁት። ከዚያ አንተን ራሴ እዚህ አስገባሁህ።»

ኦሪን ወደ ቁጥቋጦው ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ አየ። «ምንም የለም እኮ።»

«ጠዋት አወጣሁት።»

አልተረዳትም። ቆሞ አያት። ሐኪሟ ግን ጊዜ አልነበራትም።

«የሌላ ፈረስ ደም ያስፈልገዋል» አለች። «እዚህ አይሆንም፤ ወደ ትልቁ የእንስሳት ሆስፒታል መሄድ አለበት። ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ባዝራዋ ካልበላች ደም እርሷ ትሰጠዋለች። ፍጠኑ።»

የቢርዲን ድድ አየች፤ ሮዝ ነበር። ኦሪን የተጎታቹን በር ከፈተ። ክላይድን ፈቱት። አምስት እርምጃ ሄደ። ስድስተኛው ላይ የኋላ እግሮቹ ተጠላለፉ፤ እንደ ተናደ ግድግዳ በጎኑ ወደቀ። ኦሪን ገመዱን ይዞ ከራስጌው ተንበረከከ፣ «ተነስ ጎበዝ፣ ተነስ፣ እዚህ እኮ ነው፣ በሩ እዚህ ነው» ይለዋል። ክላይድ ራሱን አንድ ጊዜ ቀና አደረገና መልሶ ጣለው።

ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ ልቡን አዳመጠች። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች።

«ጠዋት በስልክ ሳለን ባውቅ ኖሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ጫኑት እል ነበር። ያኔ ገና በእግሩ ቆሞ ነበር። ይድናል ብዬ አልምልም። እድል ግን ነበረው። አሁን እንዲሠቃይ ባናደርገው ይሻላል፣ አቶ ቲግ።»

ኦሪን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። መርፌው ሲገባ ዓይኑን አልመለሰም፤ እጁን በክላይድ ግንባር ላይ አድርጎ ቆየ። ሲያልቅ ያ ትልቅ ሰውነት ረዥም ትንፋሽ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የቢርዲ ኮቴ ብቻ ሆነ፤ ገመዷን እየጎተተች መሬት ትደበድባለች።

ኦሪን ሳይነሳ ጠየቃት።

«ጠዋት እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጪ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ ስል።»

«አዎ።»

«አራት ሰዓት ሙሉ።»

ኦሪን ከዚያ በላይ አልጠየቃትም። ቢጮህባት፣ ቢሰድባት፣ ወንበሩን ቢወረውርባት ይሻላት ነበር። ኮፍያውን አውልቆ የፈረሱን ዓይን ሸፈነበት።

ከሰዓት በኋላ ብራይስ መጣ። ሬሳውን የሚወስድ መኪና ጠርቶ እስኪመጣ ድረስ ከቨርና ጋር ከመንገዱ ዳር ቆመ። ሁሉንም ነገረችው፤ ረቡዕን፣ ሬዲዮውን፣ ገደሉን። ወጣቱ ሰው ጆሮውን እያሸ ሰማት።

«ሰው እልክልዎታለሁ ብዬዎት ነበር እኮ» አላት።

«ብለኸኝ ነበር።»

«ለምን እሺ አላሉኝም?»

«እንዳረጀሁ እንዳታውቅ።»

ብራይስ መሬት መሬቱን አየ። «ሚስ ቨርና፣ ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። መጻፍ አለብኝ።»

«ጻፈው። እንዳለ ጻፈው።»

ስለ በረዶው ወራት እርሱም አላነሳ፣ እርሷም አልጠየቀች።

መኪናው ክላይድን ወስዶ ሲሄድ ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው ተጠግታ ነበር። ኦሪን ገመዶቹን ጠቀለለ፤ ባልዲዎቹን ደፋ፤ የፈረሶቹን ፋንድያ እንደ ደንቡ አንስቶ ወደ ማጠራቀሚያው ወሰደ። ከዚያ ቢርዲን ወደ ተጎታቹ አመጣት። አልገባ አለች። አሥር ዓመት ሙሉ ክላይድ ቀድሞ ሲገባ ነው እርሷ ተከትላ የምትገባው። አሁን በሩ ላይ ቆማ ውስጡን ታያለች፣ ታሽካካለች፣ ወደ ኋላ ትላለች። ኦሪን ከፊት ሲስብ ከኋላዋ የሚቆም የለም፤ ከኋላዋ ሲሆን ከፊት የሚመራት የለም። ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስት ጊዜ። ሐኪሟ ሄዳለች። ብራይስም ሄዷል። ሰፋሪዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወደየድንኳናቸው ገብተዋል፤ ሊያዩት አልፈለጉም።

ቨርና ከተጎታች ቤቷ በር ላይ ሆና ትመለከት ነበር። ዳሌዋን እየጎተተች መጣች። ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

«ልምራት?» አለች።

ኦሪን አላያትም። ቢርዲ ታሽካካለች። በመጨረሻ ገመዱን በተዘረጋ ክንዱ ሰጣት፤ ጣቶቻቸው እንዳይነካኩ ጫፉን ይዞ።

ቨርና ቀድማ ወደ ተጎታቹ ገባች። ጨለማ ነበር፤ የክላይድ ሽታ ሞልቶታል። ክላይድ በሚቆምበት ቦታ ራሷ ቆመችና ባዝራዋን በስሟ ጠራቻት። ቢርዲ አንድ እግሯን አነሳች፣ መለሰች፣ እንደገና አነሳች፣ ገባች። አፍንጫዋን በቨርና ደረት ላይ ደገፍ አድርጋ ተነፈሰች። ቨርና ገመዱን አሰረችና በትንሿ በር ወጣች። ኦሪን ትልቁን በር ዘጋ፤ መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ፈተሸው።

መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱ ዝቅ አለ። የሚናገር መሰላት፤ ጠጋ አለች።

«ለሚስቴ» አለ፣ መሪውን እያየ፣ «በእኔ ምክንያት ታመመ ብዬ ጠዋት ደውዬ ነግሬያት ነበር። አሁን ሌላ መንገር አለብኝ። ለእርሷ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም። ትወድሽ ነበር።»

መስኮቱ ተዘጋ። መኪናው በቀስታ ተንቀሳቀሰ። ቢርዲ ከውስጥ ሆና የተጎታቹን ጎን መደብደብ ጀመረች፤ ድልድዩን እስኪያልፉ፣ ከድልድዩም ማዶ ጥሪዋ ይሰማል። በሰፈሩ የቀሩት ፈረሶች ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ መለሱላት። ከዚያ እነርሱም ተዉት፤ ወደ ድርቆሻቸው ተመለሱ። ቨርና በባዶው ቁጥር አሥራ አራት መካከል ቆማ ቀረች።